«ስህተት አለ»፤ ግን የቱ ጋ?

በክፋር ማርሞሬክ ያለች እናት በኢንተርኔት ረጅም ፎርም ሞልታ ትልካለች። «ስህተት አለ» ይላታል፤ የቱ ጋ እንደሆነ አይነግራትም፣ የሞላችውንም ያጠፋባታል። ከዚያ «ዕብራይስጥ አልቻለችም» ትባላለች።

ሐሰት ነው! የእስራኤል መታወቂያ ቁጥር 9 አሃዝ አለው፤ የመጨረሻው የ8ቱ መፈተሻ ነው። አንዱ አሃዝ ቢሳሳት ኮምፒውተሩ ወዲያው ያውቃል። እያወቀ ለምን ይደብቃል? ዕብራይስጥ አፉን የፈታበት ልጇም እኮ ተቀምጦ ሲፈልግ ያመሻል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ የተሳሳተው ቦታ ተለይቶ በጽሑፍ ይነገር ይላል። የእስራኤል 5568 ደረጃም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ችሮታ አንለምንም፤ ወደ ተሳሳተው መስመር ይመልሱን፣ ሌላውን አይንኩብን። እንዲህ ያለ ገጽ ሲገጥማችሁ የመታወቂያ ቁጥራችሁን ሸፍናችሁ ፎቶ አንሱና ወደ ማኅበሩ አምጡ፤ ከደብዳቤያችን ጋር እንልከዋለን።