የቀያሽ ምልክት ይከበር

በአገራችን ሰው የጎረቤቱን የድንበር ድንጋይ ቢነቅል ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ይደርሳል። መንግሥት ያስተከለውን የቀያሽ ምልክት ግሬደር ገፍቶ ሲጥለው ግን የሚከራከርለት የለም። በቅየሳ ሙያ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህ ያንገበግበኛል። ስኮትላንድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮረብታ ከጓደኛዬ ጋር ወጥቼ ከለካሁ ወዲህ ደግሞ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ኮረብታዋ ኖርዝ ቤሪክ ሎው ትባላለች። ከኤድንብራ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ርቃ፣ ባሕር ዳር የቆመች የጥንት እሳተ ገሞራ ቅሪት ናት። ከፍታዋ 187 ሜትር ነው። መንዝ ወይም ስሜን ላደገ ሰው ይህ ጉብታ ነው፤ ዙሪያዋ ሜዳ ስለሆነ ግን ከሩቅ ትታያለች። አናቷ ላይ በናፖሊዮን ጦርነትና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕሩን ይጠብቁ የነበሩ ዘቦች የተጠለሉበት ፍርስራሽ አለ። ከፊት ለፊቷ ባስ ሮክ የምትባለው የአለት ደሴት በወፍ ብዛት ነጭ ሆና ትታያለች።

ጓደኛዬ ድሮ አብሮኝ መንገድ ሲቀይስ የነበረ ሰው ነው። እሱ ሌቭሉን (አግድም የሚታይበትን መነጽር) ከነእግሩ፣ እኔ ስታፉን (ቁጥር የተጻፈበትን የመለኪያ ዘንግ) እና የጂፒኤስ መሣሪያውን ተሸክመን ወጣን። መጀመሪያ የምንፈልገው ከፍተኛውን የተፈጥሮ አለት ነበር፤ ሰው የገነባው አይቆጠርም። ስታፉን ከአለት አለት እያዛወርኩ አቆማለሁ፤ እሱ በሌቭሉ እያየ «ወደ ግራህ፣ ቀጥ አድርገው!» ይለኛል። ንባቡ ከሁሉ ያነሰበት አለት ከፍተኛው ነው። ጂፒኤሱን እዚያ ተክለን በነፋስ እየተገረፍን ሁለት ሰዓት ጠበቅን።

መሣሪያው የሰጠን ቁጥር ካርታው ላይ ካለው ወደ 50 ሜትር ይበልጥ ነበር። ስህተት አይደለም። ሳተላይት ከፍታን የሚቆጥረው በስሌት ከተበጀ ልሙጥ የምድር ቅርጽ ተነሥቶ እንጂ ከባሕር ወለል አይደለም። ያንን ቁጥር ወደ ባሕር ወለል የሚመልሰው መሬት ላይ በተለኩ የታወቁ ነጥቦች የተረጋገጠ ስሌት ነው። እንግሊዞች የባሕር ወለሉን ለመወሰን እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1921 ኒውሊን በተባለች ወደብ የባሕሩን ከፍታ በየሰዓቱ መዘገቡ። ከ1936 እስከ 1962 ደግሞ በየኮረብታው ከ6,000 በላይ የቅየሳ ምሶሶዎች አቆሙ። ብዙዎቹ ዛሬም ቆመዋል፤ መንገደኛው ይደገፋቸዋል እንጂ አያፈርሳቸውም።

«በሳተላይት ዘመን የሲሚንቶ ምልክት ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። የመስኖ ቦይ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች ነው። በከፍታ ላይ ግማሽ ሜትር የተሳሳተ ቀያሽ ውኃው ማሳ ሳይደርስ እንዲቆም ያደርጋል። የከተማ ፍሳሽም፣ የድልድይ ቁመትም እንዲሁ ነው። መሣሪያው ምንም ቢራቀቅ ንባቡ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ከፍታው በታወቀ ነጥብ ላይ ተፈትኖ ነው። ነጥቡ ሲጠፋ ከሩቅ ካለው ሌላ ምልክት ከፍታ እየተሸከሙ መምጣት ግድ ይሆናል፤ በየእርከኑም ስህተት ይጠራቀማል። አንድ የመንገድ ሥራ ላይ የተቋራጩ ማሽን ቤንችማርካችንን፣ ማለትም ከፍታው የታወቀውን ምልክታችንን፣ ጠራርጎ ጥሎት ይህን መከራ አይቼዋለሁ። ተጠያቂ አልነበረም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይደረግ እላለሁ። በየግንባታ ውሉ ላይ ምልክት ያጠፋ ተቋራጭ በራሱ ወጪ አስለክቶ እንዲተካ የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባ። እያንዳንዱ ቀበሌ በወሰኑ ውስጥ ያሉትን ምልክቶች ዝርዝር ይያዝ፣ እንደ መንግሥት ንብረትም ተረክቦ ይጠብቅ። የቅየሳ ተማሪዎችም በየዓመቱ ወጥተው የቆመውንና የጠፋውን ይመዝግቡ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንባቢ ሆይ፣ በማሳህ ዳር ወይም በሰፈርህ ጉብታ ላይ አናቱ ብረት የተቀበረበት ሲሚንቶ ካለ አትንቀለው። ሌላው ሲነቅለውም ካየህ ድንበርህ እንደተገፋ ቆጥረህ ጩኽ።