ሁለቱን ባላ አንድ ጉድጓድ ውስጥ

«ባክአፕ አለን» የሚለው አባባል በሀገራችን ቢሮዎች ከሚነገሩ ውሸቶች ሁሉ ንጹሑ ነው፤ ተናጋሪው ራሱ ከልቡ ያምነዋል። ሥራ አስኪያጁ ያምነዋል፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ታምነዋለች፣ የአይቲ ልጁም በግማሽ ልብ ያምነዋል። «የት ነው ያለው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ጣታቸውን ወደ ሰርቨሩ ይቀስራሉ። ባክአፑ ያለው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው። ሻል ያለው ቢሮ ደግሞ ሰርቨሩ ጀርባ ከተሰካ ሁለት ዓመት የሞላው፣ አቧራ የለበሰ ኤክስተርናል ዲስክ ያሳያችኋል።

ጠቤ ከዚህ እምነት ጋር ነው። ስለ አዋሽ ሰባትና ስለ ሰመራ የምጽፈው እነዚህ ከተሞች ከሌላው የባሰ ዝርክርክ ስለሆኑ አይደለም፤ አዲስ አበባም ያው ናት። ልዩነቱ አዲስ አበባ ስንፍናን ለተወሰነ ጊዜ ትታገሣለች፣ አፋር ግን አይታገሥም።

ሰመራን እንይ። በሞቃታማዎቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ኤሲው ወዲያው ይቆማል፣ ዩፒኤሱ ግን ሰርቨሩን ማሠራቱን ይቀጥላል። ማሽኑ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ልክ ማቀዝቀዣው በቆመበት ሰዓት ነው ማለት ነው። የዩፒኤሱ ባትሪም የታሰበው ለ25 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ እንደሚቀንስ በሙያው የታወቀ ስሌት አለ። አራት ዓመት ያገለግላል ተብሎ የተገዛ ባትሪ 45 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ አንድ ዓመት ቢቆይ ነው። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ዳታቤዝ እየጻፈ ሳለ ድርግም ይላል።

አዋሽን ደግሞ እንይ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ ምድር ስትንቀጠቀጥ ከረመች። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 5.7 አካባቢ ነበር። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአፋርና ከኦሮሚያ ወረዳዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ። ልጁን አቅፎ የሚወጣ ሰው ሰርቨር ተሸክሞ አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም። ከዚያ በፊት ነሐሴ 2012 አዋሽ ወንዝ ሞልቶ ቤትና እርሻ አጥለቅልቋል። በ2014ቱ ጦርነት ከአፋርም ከአማራ ክልልም መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ተነቅሎ ተወስዷል። ሙቀት፣ መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ ዘረፋ፤ ይህ ሁሉ የሆነው በአሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። እዚህ ሀገር ውስጥ «ሰርቨሩ ክፍል ተቆልፏል» ማለት ምን ዋስትና ይሆናል?

ሻጮቹ መልስ አላቸው፤ «ሬይድ አለው!» ይላሉ። አዎ አለው። ሬይድ አንድ ማለት አንዱ ዲስክ ላይ የተጻፈው በዚያው ቅጽበት ሌላው ላይም ይጻፋል ማለት ነው። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሥራ አይቆምም፤ ጥቅሙ ይህ ነው፣ ትልቅ ጥቅምም ነው። ግን አንድ ሠራተኛ የ2016ቱን ፎልደር በስህተት ሲያጠፋ ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል። ቫይረስ ፋይሉን ሲቆልፈው ሁለቱም ላይ ይቆለፋል። ውሃ ሲገባ ሁለቱም ይረጥባሉ፣ ሌባ ሲመጣ ሁለቱንም በአንድ ሳጥን ይወስዳል። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ሲሉ ሁለቱን ባላ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ትከል አላሉም።

ከሬይዱ ቀጥሎ የሚመጣው ፒችትሪ ነው። ያለ ፒችትሪ የሚንቀሳቀስ የንግድ ድርጅት ፈልጉ ብትባሉ ትደክማላችሁ። ፕሮግራሙ ምስኪን ነው፣ ባክአፕ እንዲደረግ ያስታውሳል። ተጠቃሚው ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤቱ ሊሄድ ተነሥቷልና «ኖ» ይላል። አንዳንዱ «የስ» ይላል፤ ፋይሉ ግን የሚቀመጠው እዚያው ኮምፒውተር፣ እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ከዚያ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚባሉ ፎልደሮች ይወለዳሉ። ዲስኩ ይሞላል። ዲስኩ ሲሞላ የሌሊቱ አውቶማቲክ ባክአፕ ቦታ አጥቶ ይከሽፋል፣ ማንንም ሳይቀሰቅስ። ለወራት እንዲህ ሊቀጥል ይችላል። አንድ ቀን አንዱ «ቦታ ላስለቅቅ» ብሎ የቆዩትን ባክአፖች ያጠፋል፤ ድንገት ይሠሩ የነበሩት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ይህ የእኛ የድህነት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጊትላብ የተባለው የዓለም ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙበት ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያው ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት አጠፋበት። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ ሲፈለግ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። ባክአፑ ሲከሽፍ የሚላከው የማስጠንቀቂያ ኢሜይል ራሱ ተቀባዩ ዘንድ እየደረሰ አልነበረም። የተረፉት አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ከስድስት ሰዓት በፊት በእጁ በወሰደው ቅጂ ነው። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ዴጆን ከተማ የሚገኝ የመንግሥት ዳታ ማዕከሏ ከዩፒኤስ ባትሪ በተነሣ እሳት ሲቃጠል የመንግሥት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት 858 ቴራባይት ፋይል አብሮ ነደደ። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። ምክንያት የተባለው «በጣም ትልቅ ስለሆነ» ነው። ገንዘብም እውቀትም ያላት ሀገር እንዲህ ከሆነች ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

«እኛ ክላውድ ላይ ነን» የሚሉ አሉ። ጎግል ድራይቭ ማለታቸው ነው፤ ወይም ቴሌግራም ላይ ለራሳቸው የላኩት ፋይል። ከምንም ይሻላል፣ አልክድም። ነገር ግን ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚታደስ ፎልደር ስህተቱንም አብሮ ያድሳል፤ እዚህ የጠፋው እዚያም ይጠፋል። በሰኔና በሐምሌ 2012 ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ ክላውድ ላይ ብቻ ያለ ፋይል ሰማይ ላይ እንዳለ ደመና ነበር፣ ታየዋለህ እንጂ አትጨብጠውም። ክፍያውም በዶላር ነው። ክላውድ ሁለተኛው ባላ ሊሆን ይችላል፤ ብቸኛው ግን አይሁን።

«ውድ ነው» የሚለው ክርክር ከበድ ይላል። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዲስክ ዋጋ ስንት እንደገባ ገዝቶ ያየ ያውቃል። ግን እስቲ ወጪውን የምናወጣበትን መንገድ እንመልከት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ሰኔ ሲመጣ በጀት እንዳይመለስ ፕሮፎርማ ይሰበሰብና ግዙፍ ሰርቨር ይገዛል። ለባክአፕ ዲስክ በሚቀጥለው ዓመት ይባላል። የሚቀጥለው ዓመት ሰኔም እንደገና ሌላ ሰርቨር ይመጣል። የግል ድርጅት ከሆነ ለእንግዳ መቀበያው ሶፋ ተገዝቶ ለዲስክ «እናያለን» ይባላል። የሰርቨሩ ዋጋ ላይ የሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ዋጋ መጨመር ያቃተው ድርጅት አላየሁም፤ ያልፈለገ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ደግሞ የሚጠፋው ምን እንደሆነ እናስብ። አብዛኛው የጅቡቲ ጭነት በእነዚህ ከተሞች መንገድ ነው የሚያልፈው። የአንድ ትራንዚተር ዲክላራሲዮንና የጭነት ሰነድ ሲጠፋ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ይቆማል፣ ዴሙሬጅ በዶላር ይቆጥራል። የደመወዝ ፋይል ሲጠፋ የቀን ሠራተኛው «ስምህ የለም» ተብሎ ይመለሳል። ማስረጃ አምጣ ይባላል፤ ማስረጃው የነበረው የጠፋው ዲስክ ላይ ነው። የግብር ሕጉ የሒሳብ መዝገብና ሰነድ ለዓመታት እንዲጠበቅ ያዛል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። «ሰርቨሩ ተበላሸ» ለኦዲተር መልስ አይሆንም። ለቀን ሠራተኛው ደግሞ ጭራሽ መልስ አይደለም።

ዳታው ሲጠፋ የሚወቀሰው ማን ነው? የአይቲ ልጁ። ዲስክ እንዲገዛ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፎ ይሆናል፤ ደብዳቤው ራሱ የጠፋው ሰርቨር ላይ ነው። የሚፈርመው፣ በጀት የሚመድበው፣ «ይህ ድርጅት ስንት ቀን ያለ መረጃ መቆየት ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ሥራ አስኪያጁ ነው። ባክአፕ የኮምፒውተር ጥያቄ ከመሆኑ በፊት የአስተዳደር ጥያቄ ነው።

በጣም የሚገርመኝ ይህ ሁሉ የሚሆነው በአፋር ምድር መሆኑ ነው። አፋር ዳጉ አለው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ከማን ሰማህ። የዝናቡ፣ የግጦሹ፣ የሰው ጤና ወሬ በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ አይቀመጥም። የተለያየ ቦታ በሚሄዱ ብዙ ሰዎች ዘንድ ይቀመጣል፣ ምንጩም ይጣራል፣ የዋሸ ይነወራል። ብዙ ቅጂ፣ የተለያየ ቦታ፣ የማያቋርጥ ማጣራት፤ ባክአፕ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድነው? መብራት የማያውቀው ዳጉ ኤሲ ከገባለት ሰርቨር ክፍል የተሻለ ሥርዓት አለው።

ስለዚህ የምጠይቀው ተአምር አይደለም። በሙያው ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚባል ቀላል ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ። አዋሽና ሰመራ በአንድ አስፋልት የተገናኙ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የተራራቁ ከተሞች ናቸው። አንድ መንቀጥቀጥ ወይም አንድ ጎርፍ ሁለቱን ባንድ ቀን አይመታም ብሎ መወራረድ ይቻላል። በየሳምንቱ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዲስክ በታመነ ሰው እጅ በአውቶቡስ ይላክ፣ ያለፈው ሳምንቱ ይመለስ። ለዘመድ ቅቤና በርበሬ በሹፌር የምንልክ ሰዎች ነን፣ ዲስክ መላክ አያቅተንም። ቁልፉ ግን ከዲስኩ ጋር አይሂድ።

በየሦስት ወሩ ደግሞ ከዚያ ዲስክ ላይ አንድ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቆሞ ይይ። ከተከፈተ ባክአፕ አላችሁ፤ ካልተከፈተ ያላችሁ ዲስክ ብቻ ነው። ይህን ያላደረገ ድርጅት በስብሰባ ላይ «ባክአፕ አለን» ሲል የሰማ ሰው አንዲት ቃል ይጠይቅ፤ «መቼ ከፈታችሁት?»