ዋጋውን የሚደብቅ ድረ ገጽ

«ድርጅትዎን በጎግል የመጀመሪያ ገጽ ላይ እናወጣለን» የሚል መልእክት አዲስ አበባ ውስጥ ንግድ ፈቃድ ላወጣ ሰው ሁሉ ሳይደርሰው አይቀርም። ይህን አገልግሎት ኤስኢኦ ይሉታል። የሚሸጠው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ በገጹ ኮድ ውስጥ ቁልፍ ቃላት መደርደር፣ ከማይታወቁ ድረ ገጾች ሊንክ መግዛት፣ ወር ሲያልቅ የጎብኚው ቁጥር እንደጨመረ የሚያሳይ ግራፍ መላክ። ባለቤቱ ግራፉን አይቶ ይከፍላል። ስልኩ ግን አይጠራም።

ጎግል ያንን የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ለፍለጋ ደረጃ እንደማይጠቀምበት በይፋ የተናገረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። በተገዛ ሊንክ ከፍ ያሉ ገጾችን የሚያወርደውን «ፔንግዊን» የተባለ ማሻሻያ ያወጣው ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ሥራውን አያውቅም፤ እያወቀ የሚሸጠው ነጋዴውን እያታለለ ነው።

ሻጩን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ስሙን የማልጠራው አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ አለ። በስልክ ስትከፍቱት መጀመሪያ የሚመጡት እየተንሸራተቱ የሚቀያየሩ ትልልቅ ፎቶዎች ናቸው፤ ከካሜራ እንደወጡ የተጫኑ ስለሆኑ እስኪከፈቱ የገዛችሁት ሜጋባይት ያልቃል። ከሥራቸው ራእይ፣ ተልእኮና እሴት በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አማርኛ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ የበዓል ቅናሽ በሚያበሥር ፖስተር ላይ። አድራሻውም ስልክ ቁጥሩም እዚያው ምስል ውስጥ ታስረዋል። ቁጥሩን ነክቶ መደወል አይቻልም፤ ወረቀት ፈልጎ መገልበጥ ነው። ጎግል ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው ምክር ዋና ዋና ጽሑፍ በምስል ውስጥ እንዳይገባ ያሳስባል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ አማርኛ የማይጽፍ ስልክ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ገዢው በአማርኛ «ሶፋ» ብሎ ሲፈልግ ይህን ሱቅ በምን ያገኘዋል?

ጎብኚ የሚያመጡት ጥቃቅን ማሻሻያዎች የሚጀምሩት ከዚህ ነው፤ አብዛኞቹም ገንዘብ አይጠይቁም። የገጹ ርዕስ «ሆም» ከሚል «ሶፋና አልጋ መሸጫ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ» ይበል። አድራሻው ሰው እንደሚናገረው፣ «ከእንትን ሕንጻ ጀርባ» ተብሎ ይጻፍ፤ የቤት ቁጥር የሚጠይቅ ገዢ የለንም። የፎቶዎቹ መጠን ይቀነስ። አንዱ «ፀጉር ቤት» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ጸጉር ቤት»፤ ሁለቱም አጻጻፍ ገጹ ላይ ቢገኙ ማንንም አይጎዳም። በጎግል ማፕ ላይ ያለው የሥራ ሰዓት እውነተኛው ይሁን።

ከሁሉ የከፋው ልማድ ግን «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚለው ነው። ነጋዴዎች ምክንያት አላቸው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዋጋ መለዋወጥ ቀላል ራስ ምታት አይደለም። መፍትሔው ግን «ከዚህ ብር ጀምሮ» ብሎ ቀኑን መጻፍ እንጂ መደበቅ አይደለም። ተፎካካሪ እንዳያይብኝ የሚለውም አያስኬድም፤ ተፎካካሪ እንደ ገዢ ደውሎ ከመጠየቅ ማን ይከለክለዋል? የሚጎዳው ሐቀኛው ገዢ ነው። ዋጋ ያልተጻፈበት ሱቅ ሰው አይቶ እንደሚተምን ሁሉም ያውቃል። ከዋሽንግተን ሆኖ ለእናቱ አልጋ ሊገዛ የሚፈልግ ልጅ ቢደውል ቁጥሩን አይተው ዋጋ እንደሚጨምሩበት ይጠረጥራል፤ መጠርጠሩም አያስወቅሰውም። ስለዚህ አይደውልም፤ ገጹን ዘግቶ ዋጋ ወደጻፈው ይሄዳል። በወሩ ግራፍ ላይ ግን እሱም እንደ አንድ ጎብኚ ተቆጥሮ ይቀርባል።

ይህን ግራፍ እየተቀበላችሁ የምትከፍሉ ነጋዴዎች፣ የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ባለሙያችሁን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ሰዎች ምን ብለው ጽፈው ነው ወደ ገጻችን የመጡት? ከመጡት ውስጥስ ስንቱ ደወለ? የመጀመሪያውን ጎግል ሰርች ኮንሶል በነጻ ያሳያል፤ የሁለተኛውን መልስ ለማግኘት ስልክ የሚያነሣላችሁ ሠራተኛ ደዋዩን «በምን አገኙን?» ብሎ ቢጠይቅና ቢመዘግብ ይበቃል።