የስልክ መተግበሪያና የሰው ለሰው ግንኙነት፦ ቅራኔው የት ላይ ነው?

የሰው ልጅ የሚሠራበትን መሣሪያ በለወጠ ቁጥር ከመሰሉ ጋር የሚገናኝበት መንገድም አብሮ ሲለወጥ ኖሯል። የሞተር ወፍጮ በመጣ ጊዜ እናቶቻችን ከመጅ ሥር ድካም ተላቀቁ፤ በምትኩም ወፍጮ ቤት የሚባል አዲስ የመገናኛ ሥፍራ አገኙ። የቦኖ ውሃ ሲገባም እንዲሁ ወደ ወንዝ የሚደረገው ጉዞ ቀርቶ በቧንቧው ዙሪያ ሌላ ጉባኤ ተፈጠረ። ዛሬ በእጃችን የያዝነው ስልክ ከእነዚህ የሚለየው ድካሙንና መገናኛ ሥፍራውን በአንድ ጊዜ የሚያስቀር በመሆኑ ነው። ጉዳዩ በጥሞና ሊታይ የሚገባውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በቅድሚያ ተጨባጩን ሁኔታ እንመልከት። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን ዛሬ የተመዘገቡት ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ኤም-ፔሳ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተከትሎታል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ ከጥሬ ገንዘብ ወደ ስልክ ተሸጋግሯል። የመብራትና የውሃ ሂሳብ ለመክፈል ግማሽ የሥራ ቀኑን በሰልፍ ያሳልፍ የነበረው ሠራተኛ ዛሬ ይህንኑ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ይፈጽማል። ለሰፊው ሕዝብ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ስለ ቀድሞው ወረፋ ፍቅርና ማኅበራዊነት ዛሬ በናፍቆት የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ወረፋ የሚይዝላቸው ተላላኪ የነበራቸው ናቸው።

እንግዲህ መነሣት ያለበት ጥያቄ መተግበሪያው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው አይደለም። ከድካሙ ጋር አብሮ የተወገደው ምንድን ነው? የተወገደውስ ለማን ጥቅም ነው?

የታክሲን ሥራ እንውሰድ። በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው ሃይብሪድ ዲዛይንስ «ራይድ» የተባለውን አገልግሎት ከማምጣቱ በፊት በአዲስ አበባ ላዳ ታክሲ መያዝ ማለት መከራከር ማለት ነበር። መተግበሪያው ክርክሩን አስቀረ፤ ዘመናዊ ስልክ የሌለውም በ8294 ደውሎ መኪና የሚያስጠራበት መንገድ ተከፈተለት። ተሳፋሪው ተጠቅሟል። ነገር ግን የላዳ ሾፌሮች በየማዕዘኑ ተሰብስበው ይቆሙ ነበር። አብረው ቡና ይጠጡ፣ ለታመመ ባልንጀራቸው ያዋጡ፣ ስለ መለዋወጫ ዋጋ ይማከሩ ነበር። (ተሳፋሪው ላይ ዋጋ ለመስቀልም ይማከሩ እንደነበር መሸሸግ አይገባም።) የመተግበሪያ ሾፌር ግን ከመንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ ጥሪውን ብቻውን ይጠብቃል። ዋጋውም ሆነ ከገቢው ላይ የሚቆረጠው ሂሳብ በመስታወት ላይ በጽሑፍ ይነገረዋል። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» በሰዎች መካከል ያለው ግንኙነት በዕቃዎች መካከል ያለ ግንኙነት መስሎ እንደሚታይ አስረድቶ ነበር። ተሳፋሪው ስልኩን ያያል፤ ሾፌሩም ስልኩን ያያል፤ ዋጋው እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ዋጋውን የወሰነ ሰው መኖሩን ሁለቱም ይዘነጋሉ። ቅር የተሰኘ ሾፌር በጉዳዩ የሚመክረውን የሥራ ጓደኛ በየትኛው ማዕዘን ያገኘዋል?

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው ግን በእድር ላይ ነው። እድር ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው የወር መዋጮ፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሰሃን ነው። ውስጡን የሚያውቀው ግን ሌላ ነገር ያያል። በወሩ አንድ እሑድ አባላት ይሰበሰባሉ፤ ጸሐፊው መዝገቡን ዘርግቶ ስም ይጠራል። «እገሌስ?» ይባላል። ከወዲያ «ታሞ ተኝቷል»፣ ከወዲህ «ልጅ ልትድር ሽር ጉድ ላይ ናት»፣ ከኋላም «ከአከራዩ ጋር ተጣልቶ ቤት ሊለቅ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ የሰፈሩ ጠቅላላ ዜና ከብሩ ጋር አብሮ ይሰበሰባል። መዋጮው ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ሰው በዚያ ቀን ባልተገናኘ ነበር። መዋጮው ራሱ ለመገናኘት ምክንያት ሆኖ ያገለግል ነበር ማለት ነው።

አሁን ብዙ እድሮች ክፍያውን በስልክ ይቀበላሉ። ብሩ ይደርሳል፤ ሰውየው አይደርስም። ይህ ጸሐፊ በሚኖርበት ሰፈር አንድ አዛውንት ለአራት ወራት አልጋ ይዘው ቆዩ። መዋጮአቸውን ልጃቸው ከዱባይ በየወሩ ሳታዛንፍ ስለምትልክ መዝገቡ የሚመሰክረው እሳቸው ከአባላቱ ሁሉ የበለጡ ደንብ አክባሪ መሆናቸውን ነበር። መታመማቸው የተሰማው በቤት የምትረዳቸው ልጅ ስኳር ልትገዛ ወጥታ ለባለ ሱቁ በነገረችው ጊዜ ነው። ይህ ጸሐፊም ከማያውቁት አንዱ ነበር፤ በእነዚያ አራት ወራት የራሱን መዋጮ የከፈለው ከቢሮው ሆኖ ነው።

ጡሩምባ ነፊውም ቢሆን በማለዳ ሲያልፍ ሰው ከየበሩ ወጥቶ «ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ያልተነገረው ጎረቤት እንኳ ሰምቶ ይነሣል። መርዶው በስልክ ሲደርስ ግን የተጣመሩ እጆች ሥዕል ልኮ ወደ ሥራ መሄድ ይቻላል።

ይህ ማለት ግን ጥፋቱ ሁሉ የስልክ ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው አስተያየት ከመንሥኤው ይልቅ ምልክቱን ማሳደድ ይሆናል። ስልኩ ከመምጣቱ አስቀድሞ ጎረቤት ከጎረቤት መራራቅ ጀምሮ ነበር። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከመሐል ከተማ የተነሣው ነዋሪ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ጀሞና ወደ ሌሎች ሥፍራዎች ሄዷል። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ለወረርሽኙ ጥንቃቄ ሲባል ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር። ፒያሳ ተወልዶ የካ አባዶ የገባ አባል በየወሩ ሁለት ታክሲ ተሳፍሮ ሃምሳ ብርም ሆነ መቶ ብር ለማድረስ ይመላለስ ቢባል እድሩን ከመተው በቀር ምርጫ የለውም። ስልኩ ይህን አባል ለእድሩ አቆይቶታል። አንዱ መሣሪያ አንዱን ወገን ከቤቱ እንዳይወጣ ሲያደርግ ሌላውን ከሩቅ ያስተሳስራል፤ ቅራኔውም እዚህ ላይ ነው።

የብድርን ነገር በአጭሩ እናንሣ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቴሌብርና ዳሸን ባንክ ያቀረቡት አገልግሎት «እንደኪሴ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ስሙ ከሕዝቡ አንደበት የተወሰደ ነው። አሠራሩ ግን እንደ ባለ ሱቁ የዱቤ ደብተር አይደለም። ባለ ሱቁ ደመወዝ መዘግየቱን ያውቃል፤ «ግድ የለም» ይላል፤ ሲከፋውም ያሳፍራል። በስልክ የሚበደር ሰው ከእፍረት ይድናል፤ «ግድ የለም» የሚለውም አያገኝም።

ይህ ጸሐፊ ለትምህርት በቆየባት ቻይና የጎዳና ፍራፍሬ ሻጭ ሳይቀር በስልክ ብቻ ሲገበያይ ተመልክቷል። ያው ሀገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በሕዝባዊ ባንኩ አማካይነት ነጋዴዎች ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም እንዳይሉ አስታወቀ፤ በ2020 ደግሞ አረጋውያን ከስልክ ውጭ በሰው የሚስተናገዱበት መንገድ እንዲጠበቅ መመሪያ አወጣ። በእኛ ዘንድ ማንበብ የማትችል እናት ስልኳን ከነምሥጢር ቁጥሩ ለባለ ሱቁ ልጅ አስረክባ «ላክልኝ» ትላለች። እምነቷ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን አገልግሎት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የአሠራሩን ጉድለት በእናቶች እምነት ሊሸፍን አይገባውም። መስኮት ይከፈትላት፤ ከመስኮቱ ኋላም ሰው ይቀመጥ።

በሰፈራችን እድር ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ አንድ አጀንዳ አለ፦ ክፍያው በስልክ እንዲቀጥል፣ የስም ጥሪው ግን በየወሩ እንዲመለስ፣ በስልክ ከፍሎ ሁለት ወር በተከታታይ ያልታየ አባል ቤቱ ተሄዶ እንዲጎበኝ የሚል ነው። ከወዲሁ ተቃውሞ ገጥሞታል። ወጣቶቹ እሑዳችንን አትውሰዱብን ይላሉ፤ ከሩቅ የሚመጡትም የታክሲ ሂሳብ ያነሣሉ። የሁለቱም አቤቱታ መሠረት አለው። አዛውንቱ ግን አሁንም አልተነሡም፤ ጠያቂዎቻቸው ተራ ገብተው ከመንደሩ ወደ ቤታቸው እየተመላለሱ ነው።