ሽልማቱ ሴን ዲዬ፣ ተራራው ስሜን

እንደሚታወቀው የኖቤል ሽልማት ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪ፣ ለሕክምና፣ ለሥነ ጽሑፍና ለሰላም፣ ኋላም ለኢኮኖሚክስ ይሰጣል። ለጂኦግራፊ ግን አይሰጥም። ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም፣ በማደሪያ ክፍሎቻችን ክርክር በተነሣ ቁጥር የሂሳብና የሳይንስ ጓደኞቻችን «ጂኦግራፊ እኮ ሽምደዳ ነው፤ የወንዝ ስም ቆጥሮ የተሸለመ ማን አለ?» እያሉ የሚስቁብን። እኛ የኅብረተሰብ ትምህርት ሠልጣኞች መልሳችንን በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለማስፈር ወደናል። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደጻፍን አንባብያን ልብ ይበሉልን።

ለጂኦግራፊ የሚሰጥ ትልቅ ሽልማት አለ። ስሙ ቮትሬን ሉድ ይባላል፤ ብዙዎች ግን «የጂኦግራፊ ኖቤል» እያሉ ይጠሩታል። ከ1991 ጀምሮ ፈረንሳይ አገር ውስጥ ሴን ዲዬ በምትባል ከተማ በሚደረገው የጂኦግራፊ በዓል ላይ ሲሰጥ ቆይቷል። ሴን ዲዬ እንደ ፓሪስ ያለች ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ በቮዥ ተራሮች መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ በ1507 በዚያች ከተማ የተሰባሰቡ ሊቃውንት ባሳተሙት መጽሐፍና ካርታ ላይ አዲሱን ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ «አሜሪካ» ብለው ጠሩት። ካርታውን ያዘጋጀው ማርቲን ቫልድዜሚውለር ሲሆን፣ ሊቃውንቱን ያሰባሰበው ደግሞ ቮትሬን ሉድ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። እንግዲህ ያን ያህል አኅጉር ስሙን ያገኘው ከአንዲት የተራራ ከተማ ነው። (ደባርቅስ ምን አነሳት? ያሉ ጓደኞቻችን አሉ። ወደ እሱ እንመለስበታለን።)

ይህን ሽልማት በ2002 የተቀበሉት ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ብሩኖ ሜሰርሊ ናቸው። በበርን ዩኒቨርስቲ ጂኦግራፊ ያስተምሩ የነበሩ፣ ከ1996 እስከ 2000 ዓለም አቀፉን የጂኦግራፊ ኅብረት በፕሬዚዳንትነት የመሩ፣ በ2019 ያረፉ ምሁር ናቸው። ተራሮች ለዓለም ሕዝብ የውኃ ማማ መሆናቸውን አጥብቀው ካስረዱት መካከል አንዱ እሳቸው ነበሩ። አብዛኞቻችን ሁለተኛ ደረጃን ስንጨርስ ስማቸውን እንኳ ሰምተን አናውቅም። ነገር ግን ለዚህ አገር ባዕድ አይደሉም። ከጎንደር ተነሥተን በዳባት በኩል ደባርቅ ስንደርስ ከፊታችን የሚቆመውን የስሜን ተራራ በ1970ዎቹ እሳቸውና የበርን ባልደረቦቻቸው አጥንተውታል። በ1978 የስሜን ተራሮችን ካርታና በካርታው የተሠራውን ጥናት አሳትመዋል። ከእነዚሁ ባልደረቦች አንዱ ሐንስ ሁርኒ ከ1975 እስከ 1977 የፓርኩ ኃላፊ ሆነው ስሜን ላይ ከርመዋል። ዛሬ ገብስ ከሚዘራበት በላይ፣ በነራስ ደጀንና በነቧሂት አናት አካባቢ፣ በጥንቱ የብርድ ዘመን የበረዶ ግግር ተኝቶበት እንደነበረ ግግሩ ገፍቶ ካከማቸው ድንጋይና አፈር ተነሥተው አስረድተዋል። መቼም ሽልማቱ የተገኘው በስሜን ብቻ ነው አንልም፤ ሰውየው ሰሐራ ውስጥ የቲቤስቲን ተራሮች፣ ኋላም ሂማላያንና የደቡብ አሜሪካን አንዲስ ዞረው ያጠኑ ናቸው። ግን ስሜንም አለበት። ይህን ያህሉን ብንኮራበት ነውር የለውም።

ለነገሩ ስሜንና ጎንደርን ዓይቶ የተሸለመ እሳቸው የመጀመሪያው አይደሉም። በ1832 እና በ1833 በስሜን አድርጎ ጎንደር የገባው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1839 የለንደኑን የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ዋሊያን በሳይንስ ስም መዝግቦ ለዓለም ያስተዋወቀውም እሱ ነው። በ1838 ጎንደር የደረሱት ወንድማማቾቹ አንትዋንና አርኖ ዳባዲ ደግሞ በ1850 ከፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ተቀብለዋል። አንትዋን ብዙ ዓመት አገራችን ውስጥ ከጫፍ ወደ ጫፍ ተራራ እየወጣ ማዕዘን ሲለካ የኖረ ሰው ነው፤ ብርታቱን የሚክድ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለን። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ተራራውን «ይህ ማን ይባላል?» ብለው የጠየቁት ማንን ነበር? በቅሎውን የነዳው፣ በጉም ውስጥ ከገደሉ አፋፍ የመለሳቸው፣ ወንዙ የት እንደሚሻገሩት ያሳያቸው ማን ነው? ከዚያም በፊት ቢሆን፣ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1683 ላወጣው የኢትዮጵያ ካርታ የአገሩን ነገር ያስረዳው አባ ጎርጎርዮስ የሚባል የእኛው መነኩሴ ነው፤ በ1652 ጎታ ድረስ ሄዶ። ሳይንሱም ቢሆን የገበሬውን ቃል ጥሎ መሄድ አልቻለም። ሁርኒ የአገራችንን የእርሻ ቀበቶዎች ሲከፍሉ የተጠቀሙት ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ በሚለው በአባቶቻችን አከፋፈል ነው። ቃሉ ከማን አፍ እንደተወሰደ እያወቅን «የገበሬ ልማድ» እያልን የምናልፈው እኛ ነን።

የሜሰርሊን ሥራ ከሁሉ በላይ ያስወደደን ግን ስለ ስሜን የጻፉት አይደለም። በ1989 ከጃክ አይቭስ ጋር ሆነው ስለ ሂማላያ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያን ጊዜ በሰፊው የሚታመንበት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ባንግላዴሽ በጎርፍ የምትጥለቀለቀው የኔፓል ደገኛ ደኑን ጨፍጭፎ ተራራውን ስላራቆተው ነው የሚል ነው። ምክንያቱ ቀላል፣ ጥፋተኛውም ድሃ፣ ለክስ የሚመች ነበር። ሁለቱ ምሁራን «ይህን የለካ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሲመረመር ማስረጃው እንደሚወራው ሆኖ አልተገኘም። ያ ሁሉ ጎርፍ በአንድ ደገኛ ገበሬ መጥረቢያ የሚመካኝ እንዳልሆነ፣ ተራራው በራሱ ተፈጥሮ እንደሚንሸራተትና እንደሚታጠብ፣ ዝናቡም የራሱ ሥራ እንዳለው አሳዩ።

የአገራችንም የጂኦግራፊ ምሁር ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከ1958 እስከ 1977 የነበረውን ረሃብ ሲያጠኑ የሄዱበት መንገድ ከዚህ የራቀ አይደለም። ድርቁን ብቻ ዓይተው አልተመለሱም፤ ገበሬውን ለረሃብ ያጋለጠው ምንድን ነው ብለው ከላዩ የተጫነበትን ሸክም መረመሩ። እሳቸው በ2020 አርፈዋል፤ የጻፉት ግን አለ። ከአፍሪካ የቮትሬን ሉድን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት ናይጄሪያዊው አኪን ማቦጉንጄ ናቸው፤ በ2017።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ለማስተማር ልምምድ ስንመደብ ከመካከላችን ደባርቅ፣ ጃናሞራ፣ በየዳ የሚደርሳቸው አሉ። እዚያ የምናስተምረው ልጅ ከ3,000 ሜትር በላይ ገብስ የሚያርስ ገበሬ ልጅ ነው። እኛስ ምን ይዘን ነው የምንሄደው? «የአፈር መሸርሸር ዋና መንስኤ፦ ሀ) ኋላ ቀር አስተራረስ» የሚል ጥያቄ። መልሱ «ሀ» ነው፤ ሁላችንም ደጋግመን አክብበነዋል። ልጁ ይህን በደብተሩ ጽፎ ማታ ቤቱ ሲገባ አባቱን በምን ዓይን እንዲያይ ነው የምንፈልገው?

ይህ እንዲያው የቃላት ጉዳይ አይደለም። የስሜን ፓርክ በ1969 ሲቋቋም በውስጡ የሚያርስና የሚያረባ ሕዝብ ነበረ። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተራ ገባ፣ በ2017 ከዚያ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ግን በ2016 የግጭ መንደር ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ዋሊያ ከዓለም እንዳይጠፋ እኛም እንፈልጋለን፤ ሌላ አገር የለውምና። ሆኖም ከተራራው የወረደውን ሰው ልጅ የሚያስተምር መምህር ታሪኩን በአንድ መስመር «ገበሬው ፓርኩን ስላጠፋ ተነሣ» ብሎ ሊዘጋው አይገባም። ከልጁ ጋር የሚያየው ካርታ ላይ ግጭ ማለት ምን እንደነበረች ማወቅ አለበት።

አፈር አይታጠብም አላልንም፤ እንዳትሳሳቱን። ጎንደር ከተማ ውኃ በፈረቃ የምትጠጣ ከተማ ናት፤ ከምትጠጣባቸው ምንጮች አንዱ የሆነው የአንገረብ ግድብ ደለል እንደገባበት ለማወቅ ግድቡ ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል። የምንለው ይለካ ነው። በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጎጃም አንጀኒ ላይ፣ ሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ ላይ፣ ወሎ ማይባር ላይ የዘነበውን ዝናብና የታጠበውን አፈር ለዓመታት ለክቷል። እንዲህ ሲለካ ነው ብዙ ነገር የሚገለጠው። ኃይለኛው የክረምት ዝናብ የሚመጣው ማሳው ገና ታርሶ ራቁቱን ባለበት ሰዓት ነው፤ ቡቃያው አፈሩን ሳይሸፍን ጎርፉ ይቀድማል። ይህ እንግዲህ ከስንፍና ጋር ምን ያገናኘዋል? መሬት ጠቦት ገደል አፋፍ የሚያርስ ሰው አፋፉን የመረጠው ወዶ ነው?

በየመጽሐፉ የራስ ደጀንን ከፍታ አንዱ 4,620፣ አንዱ 4,550፣ አንዱ 4,533 ሜትር ይላል። ፈተና ላይ ደግሞ «ራስ ዳሸን» ሆኖ ይመጣል። ተማሪው ቁጥሩን ይሸመድዳል፤ ለምን ሦስት ቁጥር ሆነ፣ ማን ለካው፣ በምን ለካው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከክፍል ሳይወጡ ጂኦግራፊ መማር እንዲህ ነው። ሳቁብን ያልናቸው ጓደኞቻችን እዚህ ላይ ብቻ እውነት አላቸው።

ስለዚህ ለመምህሮቻችንም ለእኛም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ለልምምድ የሚወጣ ሠልጣኝ ሁሉ ከተመደበበት ቀበሌ አንድ ገጽ ካርታ ሠርቶ ይመለስ። ስኬሉ በእርምጃ ይሁን፤ መሣሪያ የለንም። ጉብታው፣ ምንጩ፣ የወል ግጦሹ በአገሬው ስም ይጻፍ። ቦረቦሩ የት እንደጀመረና በማን ዘመን እንደጀመረ ከአዛውንት ተጠይቆ በጎኑ ይመዝገብ፤ የነጋሪው ቃል፣ ፈቃዱ ከሆነ ስሙም፣ ይስፈር። «ጊዜ የት አለና፣ የትምህርት ዕቅዱ ራሱ መች ያልቃል?» የሚሉ መምህራን እንዳሉ እናውቃለን። በእርግጥም የልምምድ ጊዜው አጭር ነው። ግን ከምንሞላቸው ቅጾች አንዱ ቀርቶ በምትኩ ይህ ወረቀት ማርክ ቢይዝ ምን ይጎዳል? ማርክ ካልያዘ ማንም እንደማይሠራው እኛው ራሳችን እናውቃለን!

ደባርቅ ምን አነሳት ላሉት ደግሞ፦ የጂኦግራፊ በዓል ለማድረግ አሁን አቅም የለንም። የተሻለ ለተባለው ካርታ ግን ከየኪሳችን አዋጥተን አንድ ደርዘን ደብተር ገዝተን አስቀምጠናል። ደብተሩ ለሠልጣኙ ሳይሆን ካርታው ለተሠራበት ት/ቤት ይሰጣል፤ የካርታውም ግልባጭ አብሮ ይሄዳል፣ የተናገሩት አዛውንት ቀርበው እንዲያርሙት። ከዚህ ጋዜጣ በስተቀኝ ያለው ሰሌዳ ባዶ ነው። ወረቀቱን የሚያመጣ ይምጣ፤ ስፒሉን እኛ እንችላለን።