ቀብድ የከፈለ ይቅደም!

አንዲት የአምበር ልብስ ሰፊ «ጥምቀት ሲቃረብ ትእዛዝ ይደራረብብኛል። ዘመድ አስቀድሚኝ ብሎ ያኮርፋል፤ ቀብድ የከፈለው ደግሞ ይጮህብኛል» ስትል ጽፋልኛለች።

እህቴ፣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር ደንበኛሽ ቢቆጣ አትፍረጂበት! እኔ የምመክርሽ፣ ስልክሽ ላይ ኤክሴል ጫኚ። ስም፣ ልክ፣ የመረከቢያ ቀንና ቀብድ የተከፈለበትን ቀን መዝግቢ። ሁሉም ለጥር 11 ስለሚፈልገው፣ ዝርዝሩን ቀብድ በተከፈለበት ቀን አስደርድሪው። በሌላ ገጽ ያለሽን ጨርቅ በሜትር ጻፊ፤ ትእዛዝ በተቀበልሽ ቁጥር ቀንሺ። ጨርቅ ካለቀ ቀብድ እንዳትነኪ!

ዘመድ ሲመጣ ስልኩን አሳዪው፤ ተራውን ራሱ ያንብብ። ኩርፊያው ያልፋል፤ ለጥምቀት ያልደረሰ ቀሚስ ግን የዓመት ቂም ነው።