የሳንቃበር ሌሊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ፣ «እትዬ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ልጆቼን ይዤ ሰሜን ተራሮች አንድ ሌሊት ማደር አምሮኛል» አለችኝ። ጎሽ አልኳት። የምትይዘውን ዕቃ ስትቆጥርልኝ ግን «ማንደጃና ከሰል፣ ለቡናም ለሙቀትም» ስትል ደነገጥኩ። ለቤተሰብ ካልሆነ ለሰው የማልነግራትን አንዲት ሌሊት ለዚህ ነው ዛሬ የማወራችሁ።

በ2011 ዓ.ም. ነው። አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ሰዎች አልጋና ምድጃ ባለው መኪና በየፓርኩ እየዞሩ ሲያድሩ በስልክ አሳየን። አማቼ አየና፣ «እኛስ ሚኒባስ አለን አይደል እንዴ?» አለ። የኋላ ወንበሮቹን ፈታ፣ ፍራሽ ዘረጋን፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ጫንን፤ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ እሱ፣ ልጄ፣ የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄና እኔ ከጎንደር ተነሳን።

አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፈን ደባርቅ ገባን፤ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ስለሆነ መግቢያ ከፈልን፣ መሣሪያ የያዘ ስካውትም ተመደበልን። ለጎንደር ሰው ማፈሪያ ነው መቼም፤ ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ፈረንጁም ከባሕር ማዶ እየመጣ ሲያየው፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አልረገጥኩትም ነበር።

ሳንቃበር ስንደርስ ጭላዳዎቹ ሜዳውን ሞልተውታል። ዝንጀሮ ስትባል ዛፍ ላይ የምትጠብቋት ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ይበላሉ፣ ልክ ጎመን እንደሚቀነጥስ ሰው። ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አለ። የልጅ ልጄ ጥቂት እርምጃ ርቃ ቁጭ ብላ ስታያቸው ዞር ብለውም አላዩአት። ከዚያ ወዲያ ገደሉ ነው፤ እኔ ጠርዙ ድረስ አልሄድኩም።

ፀሐይ እንደጠለቀች ቁሩ መጣ። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ጎንደር ከዚህ በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከ2,500 ሜትር በላይ በአንድ ቀን የወጣ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ ሊነሳው እንደሚችል መንገዱን ሙሉ ሳስተምራቸው ነው የመጣሁት። ነርስነቴ መቼ ይለቀኛል!

ውጭ ቡና አፈላን። ሲበቃን ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም። አማቼ፣ «እማማ፣ እርስዎ በብርድ እንዳይሞቱ» ብሎ ማንደጃውን መኪናው በር ሥር አስገባ፤ መስኮቱንም ዘጋ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ብቻም አይደለም፣ እጄን ዘርግቼ ሞቅሁ።

ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ልጅቷ «ራሴን» አለች፤ ወዲያው አስመለሳት። «ከፍታው ነው፣ ውሃ ጠጪና ተኚ» አልኳት። እናቷም እኔንም አመመኝ አለች። ከፍታው ነው! ሽንት ቤት ልሄድ ስወርድ እግሬ ተብረከረከ። ትንሽ ቆሜ ስተነፍስ ነው የራሴም ጭንቅላት ተወጥሮ እንደነበር ያወቅሁት። ስካውቱ በጋቢው ተጠቅልሎ እሳቱ ዳር ተቀምጧል። «እናቴ፣ ማንደጃዋን ወዴት አደረጋችኋት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በሩን ከፍተን ሦስቱንም አወጣናቸው። ልጅቷ ስትጠራ ትመልሳለች፣ ግን ትፈዛለች። ውጭ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ታቅፌያት አደርኩ፤ ሌሊት በዚያ መንገድ መውረድ ስለሚያስፈራ ሲነጋ ደባርቅ ወስደን አስመረመርናት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት። ዋልያ የሚታይበት ጨነቅ ግን ሳናይ ቀረን።

የከሰል ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደማችን ጋር ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ይጣበቃል። ያሳሳተኝ ምልክቱ ነው፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ከከፍታ ሕመም ጋር አንድ ነው። እሳት ባለበት ቤት፣ ድንኳን ወይም መኪና ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ካመመው፣ ነፋስ ሲያገኝ ደግሞ ከተሻለው፣ ከሰሉን ጠርጥሩ። ሰዉን መጀመሪያ አውጡ፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ውሰዱ። ከኮሮና ወዲህ በየቤቱ የገባችውን የጣት መለኪያም በዚህ ጊዜ አትመኗት፤ ጋዙን ከኦክስጅን ስለማትለይ ቁጥሯ ደህና ነው ብላ ታታልላችኋለች።

ለከፍታው ደግሞ አንድ ሌሊት ደባርቅ አድራችሁ ብትወጡ ይሻላል። ለብርዱ፣ የፈላ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ይበቃል። መስኮቱን በጣም አትዝጉት።

የእህቴ ልጅ ነገሩን ሲሰማ፣ «እዚህ እኮ በመኪናው ውስጥ ጋዙ ሲኖር የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አለ» አለኝ። የእኛ ማስጠንቀቂያ ስካውቱ ነበር። የልጅ ልጄ ዛሬ ትልቅ ተማሪ ናት፤ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ራሴን አመመኝ ካለ እኔን አየት ታደርግና፣ «ከፍታው ነው» ትላለች።